ባለጉዳዩ ሳይጠየቅ የሚሰጥ ፍርድ

አንዲት ሴት በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጣ ወደ ሐኪም ቤት ትገባለች። ወንበሩን የሚገፋላት ታናሽ ወንድሟ ነው። ካርድ አውጥተው፣ ተራቸውን ጠብቀው ከሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ፣ ሐኪሙ ቀና ብሎ ወንድሟን ያይና «ምኗን ነው የሚያማት?» ሲል ይጠይቀዋል። ሴቲቱ አንደበቷም ሆነ ጆሮዋ ደህና ነው። የመጣችው ጨጓራዋን ስላመማት ነው። ሆኖም የተጠየቀው ወንድሟ ነው። ውድ አንባቢያን፣ ይህን የመሰለ ነገር በዓይኑ ያላየ የከተማ ነዋሪ ይኖራል ብለን አንገምትም።

እንግዲህ አንድ ጥያቄ እናንሳ። ይህ ሐኪም ክፉ ሰው ነውን? በፍጹም። ምናልባትም ከጠዋት ጀምሮ ምግብ ሳይቀምስ ሕሙማንን ሲያይ የዋለ ቅን ሰው ነው። ወንድሟን የጠየቀውም ሊያዋርዳት አስቦ አይደለም። ታዲያ ክፉ ሰው ሳይኖር በደል ሊፈጸም ይችላል? በዳዩ የማይታወቅ በደል ተጠያቂው ማን ነው? የዛሬው ጽሑፋችን የሚያተኩረው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

በደል ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን የአንድ ሰው እጅ ወይም ምላስ ነው። ነገር ግን በደል በዕቃ ውስጥ፣ በሕንፃ ውስጥ፣ በቅጽ ውስጥ፣ በሒሳብ ውስጥም ይቀመጣል። የመመርመሪያው አልጋ ከፍ ብሎ ሲሠራ እግሩ የማይታዘዝለት ሰው ልብሱን እንደለበሰ፣ ከወንበሩ ሳይነሳ «ተመርምሮ» ይመለሳል። ሚዛኑ የሚሠራው ቆመው ሲወጡበት ብቻ ከሆነ፣ መቆም የማይችለው ሰው መድኃኒት የሚታዘዝለት ክብደቱ በግምት ተጽፎ ነው። መስማት የተሳናት እናት የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ካላገኘች የማኅፀኗን ጉዳይ በልጇ አፍ ታስነግራለች። አልጋውን የሠራው አናጢም ሆነ ሚዛኑን የገዛው የንብረት ክፍል ማንንም ለማግለል አላሰበም። ዳሩ ግን የሁሉም ድምር ማግለል ይሆናል። ጥናት የሚያካሂዱ ሰዎች መዋቅራዊ አድልዎ የሚሉት ይህንኑ ነው። ሥር የሰደደው ጤነኛ አካል ያለው ሰው መለኪያ፣ ሌላው ግን ጉድለት ነው ከሚል ያልተነገረ ስምምነት ውስጥ ነው።

የጉዳዩ ክብደት ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ዘገባ መሠረት (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዓለም ላይ 1.3 ቢሊዮን ያህል ሰዎች፣ ማለትም ከስድስት ሰዎች አንዱ፣ ከባድ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት አለባቸው። ከእነዚህም መካከል አንዳንዶቹ ከሌላው ሰው እስከ 20 ዓመት ቀድመው ይሞታሉ። ዘገባው አጥብቆ የሚያስረዳው ታዲያ ይህ ልዩነት ከጉዳቱ ብቻ የሚመጣ አለመሆኑን ነው። ብዙው የሚመጣው ሊወገድ ከሚችል ኢፍትሐዊነት ነው።

ከአንድ ቤት የተነሳ ክርክር

ለመሆኑ ይህን በደል ያየውና ስም የሰጠው ማን ነው? የሕክምና ትምህርት ቤቶች ናቸው እንዳንል ታሪኩ ሌላ ነው።

በእንግሊዝ አገር በሃምፕሻየር ግዛት ሌ ኮርት የሚባል ቤት ነበር። በ1948 በሌናርድ ቼሻየር የተመሠረተ፣ አካል ጉዳተኞች የሚጦሩበት ቤት ነው። የቼሻየር ስም ለእኛም አገር ሰው እንግዳ አይደለም። በመናገሻ በፖሊዮ ለተጎዱ ሕፃናት የተቋቋመውም በእርሳቸው ስም ይጠራል። በሌ ኮርት ይኖሩ የነበሩት ሰዎች በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከአስተዳደሩ ጋር ተጋጩ። መቼ እንደሚተኙ፣ ማን እንደሚጠይቃቸው፣ በቤቱ ጉዳይ ላይ ድምፅ ይኑራቸው አይኑራቸው የሚወስነው ሌላ ሰው ነበር። ስለዚህ ከውጭ ገለልተኛ አጥኚ መጥቶ ሁኔታውን እንዲያይላቸው ጠየቁ። ከታቪስቶክ ኢንስቲትዩት ኤሪክ ሚለርና ጄራልዲን ግዊን የተባሉ ተመራማሪዎች በመንግሥት ገንዘብ ጥናቱን አካሄዱ።

ጥናቱ በ1972 በመጽሐፍ መልክ ሲወጣ ነዋሪዎቹ ያነበቡት ያልጠበቁትን ነበር። ተመራማሪዎቹ እንዲህ ባለ ቤት መግባት «ማኅበራዊ ሞት» ነው ብለው ደመደሙ። የቤቶቹም ተግባር ነዋሪዎቹን ከማኅበራዊው ሞት ወደ ሥጋዊው ሞት በሰላም ማሸጋገር እንደሆነ አስረዱ። ሞት የሚሉት ነገር ለምን እንደተፈረደና ሊቀር ይችል እንደሆነ ግን ዋና ጥያቄያቸው አላደረጉትም። ከነዋሪዎቹ አንዱ የነበሩት ፖል ሀንት በኋላ በጻፉት ሂስ ተመራማሪዎቹን ክፉኛ ወቀሱ። እነዚህ ሰዎች ሚዛናዊ ነን እያሉ ከገዢው ወገን ጋር ቆመዋል፤ በእኛ ችግር የራሳቸውን ሙያ አበለጸጉ የሚል ነበር ወቀሳቸው። ሀንት በዚያው በ1972 ለጋርዲያን ጋዜጣ በላኩት ደብዳቤ አካል ጉዳተኞች ራሳቸው የሚመሩት ማኅበር እንዲቋቋም ጥሪ አደረጉ። ከዚያ ጥሪ የተወለደው ኅብረት በ1976 ባወጣው መግለጫ አዲስ አስተሳሰብ ይዞ ብቅ አለ። ይኸውም የሰውነት ጉዳት አንድ ነገር ነው፣ ማኅበረሰቡ በዚያ ላይ የሚጭነው እገዳ ደግሞ ሌላ ነገር ነው የሚል ነበር። እግር አለመታዘዙ የሰውየው ነው፤ ደረጃው ግን የሠራው ሰው ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቁም ነገር አለ። ነዋሪዎቹ ገለልተኛ ጥናት ጠይቀው ያገኙት ጥናት ገለልተኛ አልነበረም። ሁለቱ ተመራማሪዎች ውሸታም ስለነበሩም አይደለም። የተሳሳቱት መልሱ ላይ ከመድረሳቸው በፊት ጥያቄውን ሲመርጡ ነው። ጥያቄውን የሚመርጥ ሰው የመልሱን ግማሽ አስቀድሞ መርጧል።

ሕይወት በቁጥር ሲመዘን

ይህ በአንድ ቤት የታየው ነገር በዓለም ደረጃም ታይቷል። የዓለም ባንክ በ1993 ባወጣው የልማት ዘገባ አንድ መለኪያ አስተዋወቀ። በበሽታና በጉዳት ምክንያት የሚጠፋውን ጤናማ ዕድሜ በዓመት የሚቆጥር መለኪያ ነው። የመንግሥታት የጤና በጀት ወዴት እንደሚፈስ በመወሰን ረገድ እስከ ዛሬ ትልቅ ድርሻ አለው። ለእያንዳንዱ የጤና ጉድለት ከ0 እስከ 1 ክብደት ይሰጠዋል። 0 ሙሉ ጤና ነው፤ 1 ሞት ነው። በ1990ዎቹ ስሌት ለዓይነ ስውርነት የተሰጠው ክብደት 0.6 ያህል ነበር። ይህ ማለት አንድ ሰው ማየት ተስኖት የሚኖረው አንድ ዓመት በመዝገቡ ላይ ከግማሽ በላዩ እንደጠፋ ይቆጠራል ማለት ነው።

ይህን ቁጥር ማን ሰጠው? የጤና ባለሙያዎች ተሰብስበው ነው። የቀረበላቸውም ጥያቄ ለአንድ ሺህ ጤነኛ ሰዎች ዕድሜ መጨመር ከስንት ዓይነ ስውሮች ዕድሜ መጨመር ጋር እኩል ይሆናል የሚል ዓይነት ነበር። ዓይነ ስውሮቹ የሚዛኑ ዕቃ ነበሩ እንጂ መዛኞች አልነበሩም።

በ2012 በወጣው ስሌት አሠራሩ ተለወጠ። ከባንግላዴሽ፣ ከኢንዶኔዥያ፣ ከፔሩ፣ ከታንዛኒያና ከአሜሪካ ተራው ሕዝብ ተጠየቀ፤ በኢንተርኔትም ብዙዎች መልስ ሰጡ። ጥያቄውም ከሁለት ሰዎች የትኛው ይበልጥ ጤነኛ ነው ወደሚል ተቀየረ። ውጤቱስ? ዓይነ ስውርነት 0.195 ሆነ። ልብ በሉ! በእነዚህ ዓመታት መካከል ዓይነ ስውርነት አልተለወጠም። የተለወጠው ጥያቄውና ተጠያቂው ነው። በሳይንስ ስም ሲሠራበት የነበረው ቁጥር ከሁለት እጅ በላይ የወረደው በዚህ ብቻ ነው። ለፍትሕ ያህል መናገር የሚገባው ነገር አለ። ይህ መለኪያ ጥቅም አልባ አይደለም። ሰው ስለማይሞትባቸው ብቻ ተረስተው የኖሩ የአእምሮ ሕመሞች በመንግሥታት ዘንድ እንዲታዩ ረድቷል። የምንለው አንድ ነገር ነው፤ ቁጥር ስለሆነ ብቻ ከአድልዎ ነፃ አይሆንም።

በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት የሆነውም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ግዛቲቱ ለብዙ ድሆች የመንግሥት ሕክምና ለማዳረስ በማሰብ ሕክምናዎችን በቅደም ተከተል ደረደረች። ዓላማው መልካም ነበር። ይሁንና ድርድሩ የተመሠረተው ሕዝቡ ከጉዳት ጋር ስለ መኖር ያለውን ግምት በስልክ በመጠየቅ ላይ ነበር። በነሐሴ 1992 የፌዴራሉ የጤና ሚኒስትር ሉዊስ ሱሊቫን ዕቅዱን መለሱት። ምክንያታቸውም ዕቅዱ የአካል ጉዳተኛን ሕይወት ከሌላው ሕይወት ያነሰ ዋጋ አለው በሚል አመለካከት ላይ በከፊል የቆመ በመሆኑ በ1990 ከወጣው የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ ጋር ይጋጫል የሚል ነበር። ዕቅዱ ተሻሽሎ በሚቀጥለው ዓመት ጸደቀ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። ማየት አለመቻል ጉዳት ነው ማለት አንድ ነገር ነው። ማየት የማይችል ሰው ሕይወት ያነሰ ዋጋ አለው ማለት ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ስለ ሰውየው ዓይን የተነገረ ነው፤ ሁለተኛው ስለ ሰውየው ራሱ። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የሚያሻግር ምንም ማስረጃ የለም። ሚዛኑ ግን ሳናስተውለው ያሻግረናል።

ወረርሽኙ የገለጠው ገመና

በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ ይህ የወረቀት ላይ ሒሳብ ከሰው ነፍስ ጋር ተገናኘ። የአሜሪካዋ የአላባማ ግዛት በ2010 ያዘጋጀችው የአደጋ ጊዜ መመሪያ የመተንፈሻ መሣሪያ ሲያጥር ከባድ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች ወደ ኋላ የሚያደርግ አንቀጽ ነበረው። የመብት ተሟጋቾች አቤት ካሉ በኋላ በሚያዝያ 2020 መመሪያው እንደማይሠራበት ግዛቲቱ አረጋገጠች። በእንግሊዝም በመጋቢት 2020 የወጣው የጽኑ ሕሙማን መመሪያ ሰው ለዕለት ኑሮው ምን ያህል እርዳታ እንደሚሻ የሚለካ መመዘኛ ይጠቀም ነበር። መመዘኛው የተሠራው ለአረጋውያን ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ እርዳታ እየተደረገለት በጤና የሚኖር ወጣት በዚህ መመዘኛ ሊሞት እንደተቃረበ ሽማግሌ ሊታይ ሆነ። ወላጆችና ማኅበራት ጮኸው መመሪያው በቀናት ውስጥ ተስተካከለ።

የአገሪቱ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ከጥር እስከ ኅዳር 2020 ድረስ የሞቱትን ሲቆጥር በእንግሊዝ በኮሮና ከሞቱት 50,888 ሰዎች መካከል 30,296ቱ፣ ማለትም ከአሥሩ ስድስቱ ያህል፣ አካል ጉዳተኞች ነበሩ። ከተቆጠረው ሕዝብ ውስጥ ድርሻቸው ግን 17 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ከፊሉ ምክንያት ዕድሜ መሆኑ አይካድም። ሆኖም ዕድሜ፣ መኖሪያ፣ ድህነትና ሌላ በሽታ ሁሉ ተሰልቶ ከወጣ በኋላም ልዩነቱ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም።

እርግጥ ነው፤ መሣሪያው አንድ፣ ሕሙማኑ ሁለት ሲሆኑ ሐኪም መምረጡ አይቀርም። ይህን የሚክድ ሰው የችግሩን ጭንቅ አያውቅም። ነገር ግን «ይህ ሕክምና ይህን ሰው ያድነው ይሆን?» የሚለው የሐኪም ጥያቄ ነው። «ቢድንስ የሚኖረው ኑሮ ኑሮ ነውን?» የሚለው ግን የሐኪም ጥያቄ አይደለም። የመጀመሪያውን ለመመለስ ሰባት ዓመት ተምሯል። ሁለተኛውን ለመመለስ ከመንገደኛው የተለየ ዕውቀት የለውም።

«ባለጉዳይ ለራሱ ዳኛ ይሆናልን?»

አንዳንዶች እንዲህ ሊሉን ይችላሉ። «አካል ጉዳተኛው ራሱ ባለጉዳይ ነው። ስለ ራሱ በደል ራሱ ጥናት ቢያካሂድ ማን ያምነዋል? ባለጉዳይ ዳኛ አይሆንም።» ይህ ክብደት ያለው ተቃውሞ ነውና በቀላሉ ልናልፈው አይገባም።

መልሳችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ እስካሁን የፈረደው ማን ነው? ሐኪም ቤቱ ስለ ሐኪም ቤቱ፣ ጤነኛው ስለ ጤነኛው መለኪያነት ሲፈርድ ኖሯል። እርሱም ባለጉዳይ ነው። ልዩነቱ ሲጠየቅ አለመቆየቱ ብቻ ነው። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይሉ የለ አባቶቻችን? ደረጃውን በየቀኑ የሚወጣ ሰው ደረጃ መኖሩን ይረሳል። የማይረሳው መውጣት ያቃተው ነው። ስለዚህ የተወጋው ምስክርነት ማዳላት ሳይሆን ሌላው ዘንድ የሌለ ዕውቀት ነው።

ለዚህ የአሜሪካዊቷ ተመራማሪ የዶክተር ሊሳ ኢዞኒ ሥራ ጥሩ ምሳሌ ነው። ኢዞኒ በሐርቫርድ ሕክምና እየተማሩ ሳለ የነርቭ በሽታ ያዛቸው። ዲግሪያቸውን ቢይዙም ተስፋ ከሚያስቆርጣቸው በቀር የሚያበረታታቸው ስላላገኙ በሐኪምነት ሳይሠሩ ወደ ምርምር ገቡ፤ ዛሬ የሚንቀሳቀሱት በተሽከርካሪ ወንበር ነው። በ2021 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት 714 የአሜሪካ ሐኪሞችን ጠየቁ። ከእነዚህ 82.4 በመቶው ከባድ ጉዳት ያለበት ሰው ኑሮ ከሌላው ሰው ኑሮ የባሰ ነው ብለው መለሱ። ለአካል ጉዳተኛ ከሌላው ሕመምተኛ እኩል ሕክምና እንሰጣለን ብለው በእርግጠኝነት የተናገሩት 40.7 በመቶው ብቻ ነበሩ። ሐኪሙ ሕመምተኛውን ሲያጠና በኖረበት ዓለም ሐኪሙን ማጥናት እንደሚያስፈልግ ማን ያስብ ነበር? ያሰቡት ሴት የወንበሩን ኑሮ የሚያውቁ ስለነበሩ ነው። ጥናቱ ግን የሚታመነው በወንበሩ ምክንያት አይደለም። አሠራሩ ግልጽ ስለሆነና ማንም ሊመረምረው ስለሚችል ነው።

ሁለተኛው መልሳችን ከዚህ ይከተላል። የምንጠይቀው አካል ጉዳተኛው ብቻውን ዳኛ ይሁን ብለን አይደለም። ከተከሳሹ ተቋም ገንዘብና ትእዛዝ ነፃ የሆነ፣ ባለጉዳዩ ጥያቄውን ሲመርጥ የተሳተፈበት፣ ማስረጃው ለሁሉም ክፍት የሆነ ጥናት ይኑር ነው የምንለው። ዐሊይ ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ለዳኝነት ወደ የመን ሲላኩ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የመከሯቸው የሁለተኛውን ወገን ቃል ሳይሰሙ እንዳይፈርዱ ነበር። ይህ ለቃዲ የተሰጠ ምክር ለተመራማሪም ይሠራል።

«ሰው ችግርን ስለሚለምድ ነው እንጂ ኑሮው ደህና ሆኖ አይደለም» የሚሉም አሉ። በ1999 የታተመ የአልብሬክትና የዴቭሊገር ጥናት ጉዳት ያለባቸውን 153 ሰዎች ጠይቆ 54.3 በመቶዎቹ ኑሯቸው ጥሩ ወይም እጅግ ጥሩ መሆኑን ተናግረዋል። ለምደውት ነው ብለን መልሳቸውን ብንጥለው፣ የቀሩት ኑሯችን ጥሩ አይደለም ሲሉስ እናምናቸዋለን? ሲያዝን የምናምነው፣ ሲደሰት የማናምነው ከሆነ የሰማነው እርሱን ሳይሆን የራሳችንን ፍርሃት ነው።

ከሰደቃ ወደ ሐቅ

ይህ ጉዳይ ለሙስሊም አንባቢ ከሩቅ አገር የመጣ ወሬ ሊሆን አይገባውም። የዐበሰ ሱራ (ምዕራፍ 80) የወረደበትን ምክንያት የማያውቅ በመካከላችን ያለ አይመስለንም። ዓይነ ስውሩ ዐብደላህ ኢብን ኡሚ መክቱም (ረ.ዐ.) ሊማሩ መጡ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከቁረይሽ ታላላቆች ጋር ነበሩ። እነዚያ ቢሰልሙ ብዙ ሕዝብ ይከተላቸዋል የሚል ተስፋ ነበረ። ስለዚህም ፊታቸውን ከመጣው ሰው መለሱ፤ ወዲያውም እርምት ወረደ። ልብ እንበል! በአንድ በኩል የአንድ ዓይነ ስውር ጥያቄ ነበር፤ በሌላ በኩል የብዙዎች ጥቅም ተስፋ። በቁጥር ለሚመዝን ሰው ምርጫው ቀላል ነበር። እርምቱ የመጣው ግን ሊጠይቅ ለመጣው ሰው ነው።

ታሪኩም በዚያ አላበቃም። ኢብን ኡሚ መክቱም (ረ.ዐ.) ከቢላል (ረ.ዐ.) ጋር አዛን ያደርጉ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከመዲና ሲወጡም ከተማይቱን በእርሳቸው እጅ ትተው የሄዱባቸው ጊዜያት አሉ። የተደረገላቸው ማዘን ብቻ አልነበረም፤ ኃላፊነትም ተሰጥቷቸዋል። ኸሊፋው አል-ወሊድ ኢብን ዐብዱልመሊክ (705–715) ደግሞ ለእያንዳንዱ ዓይነ ስውር መሪ፣ መንቀሳቀስ ለማይችለውም አገልጋይ እንደመደበ ጦበሪ ዘግቧል። ይህ ሰደቃ አይደለም፤ መንግሥት የከፈለው ሐቅ ነው።

እኛስ? ጁሙዓ በመጣ ቁጥር በመስጊድ ደጃፍ ለተቀመጠው አካል ጉዳተኛ ሳንቲም እንሰጣለን። ይህ መልካም ነው፤ ምንዳው አይጠፋም። ነገር ግን ያ ሰው ሳንቲሙን ተቀብሎ ሲያበቃ ወደ ውዱእ ማድረጊያው የሚወርድበት መንገድ አለውን? መስማት የተሳነው ወንድማችን ኹጥባውን በምን ይረዳል? መስጊድ ሲታነጽ፣ በጎ አድራጊዎቻችን ክሊኒክ ሲከፍቱ ከግንበኛው ጋር የሚማከረው ኮሚቴ ውስጥ አንድ አካል ጉዳተኛ ተቀምጦ ያውቃልን? ሰደቃ የሰጪውን ልብ ይጠይቃል፤ ሐቅ ግን የተቀባዩን ቃል ይጠይቃል። አገራችን በ2009 ባወጣችው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመቹ እንዲሆኑ ደንግጋለች። በ2010ም የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አጽድቃለች፤ ስምምነቱም ከሌላው ሰው እኩል የሆነ ሕክምና እንዲሰጣቸው ያስገድዳል። ሕጉ የጎደለው ጠያቂ ነው።

በመጀመሪያ ወዳነሳነው ጥያቄ ስንመለስ፣ በዳዩ የማይታወቅ በደል ተጠያቂው አይቶ ዝም ያለ ሁሉ ነው። ማንም ብቻውን አልሠራውም፤ ስለዚህም ማንም ብቻውን አያፈርሰውም። ለመጀመር ግን በጀትም ኮሚቴም አያስፈልግም። እህቱን ይዞ የመጣው ወንድም «ዶክተር፣ እሷን ይጠይቋት» ማለት ይችላል። ሐኪሙም ወንበሩን ሳብ አድርጎ ፊቱን ወደ እርሷ መመለስ ይችላል።

ወላሁ አዕለም።